«ያንን ፎቶ አውርጂው» ሲለኝ...

በዚህ ገጽ ላይ የሰው ትዳር ሳስታርቅ፣ የሰው ፍቅር ስመዝን ቆይቼ የራሴ ጉድ ሲመጣ ዝም ብል ትታዘቡኛላችሁ። ስለዚህ ዛሬ ባለጉዳይዋ እኔው ነኝ። እስቲ አድምጡኝና ፍረዱ።

ነገሩ የተነሳው በአንድ ፎቶግራፍ ነው። አጋሮ፣ እናቴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የሰው ብርቱካናማ ጃኬት ለብሻለሁ፤ እጅጌው ረዝሞ እጄን ውጦታል፤ ከእጅጌው ሁለት ቀጫጭን ዱላዎች ብቻ ወጥተው ይታያሉ። እግሬ ላይ ሁለት ረጃጅም ሳንቃዎች ታስረዋል። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። እኔ ደግሞ ሠላሳ ሁለቱም ጥርሴ እስኪቆጠር ድረስ እስቃለሁ። ቤታችን መጥቶ «ይሄ ደግሞ ምን ፊልም ነው?» ያላለ እንግዳ የለም።

እጮኛዬ አንድ የቡና ነጋዴ ዘንድ ሒሳብ ይሠራል። ጨዋ ሰው ነው። ከተዋወቅን ዓመት ከስምንት ወር ሲሆነን ስለዚህ ፎቶ ክፉም ደግም ተናግሮ አያውቅም። ባለፈው ግንቦት፣ ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ሲቃረብ ግን፣ አንድ ምሽት ቡናውን ጠጥቶ ሲያበቃ ወደ ግድግዳው ቀና አለና...

«ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ያንን ፎቶ አውርጂው» አለኝ።

«ለምን?»

«በቃ፣ አውርጂው።»

«ምክንያቱን ንገረኛ!»

«ማነው ያነሳሽ?» ብሎ ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰው።

አሃ! አልኩ በልቤ፤ ቅናት ነው። ስለ ቅናት ስንት ደብዳቤ አንብቤአለሁ! ያነሳኝ ሰው ዕድሜው ከሰባ ያለፈ አዛውንት መሆኑን ነገርኩት። መልስ አልሰጠኝም። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

ለመፍረድ እንዲመቻችሁ መጀመሪያ ፎቶው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ይህን ለመንገር ደግሞ ከጓሮአችን ልጀምር።

የኛ ሰፈር ያለው አጋሮ ዳር፣ ቁልቁለት ላይ ነው። ከጓሮአችን የሚጀምረው ቀይ አፈር እስከ ጅረቱ ድረስ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ያ ቁልቁለት እንደ ሳሙና ይሆናል። እኛ ልጆቹ የሙዝ ግንድ ልጣጭ ገንጥለን፣ እሱ ላይ ቁጭ ብለን ሽርተቴ እንወርዳለን። የሰፈራችን ልጅ ሆኖ ይህን ያልተጫወተ ካለ ወይ እናቱ ኃይለኛ ናት ወይ ልብሱ አዲስ ነው። እኔ ግን መቀመጥ አይበቃኝም ነበር። ቆሜ ካልወረድኩ እላለሁ። ሁለት ሦስት ክንድ ያህል ሄጄ በአፍንጫዬ እደፋለሁ። አገጬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው። እናቴ ቀሚሴን አጥባ አጥባ ሲመራት «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ መሬት አይወድም?» ትለኝ ነበር።

እናቴ ቡና ለቃሚ ናት። ከማሳ እሸት የሚለቅሙትን ማለቴ አይደለም፤ የነጋዴ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብለው ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው የሚለዩትን ማለቴ ነው። የሚከፈላት በኪሎ ነው። ማታ ስትገባ ጣቶቿ አይዘረጉም። አባቴ የሞተው ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በ2008 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን ጨረስኩ፤ ውጤቴ ግን ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የአጋሮም የጅማም ሰው ያውቀዋል። አዲስ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅበትን ቤት አንኳኩታችሁ ብትጠይቁ፣ አንዷ ልጅ ቤሩት ናት፣ አንዷ ጅዳ፣ አንዷ ዱባይ።

እኔም በ2009 ዓ.ም. ቤሩት ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድ በመንግሥት ታግዶ ስለነበር የሄድኩት በደላላ፣ በሌላ አገር ዞሬ ነው። ደላላው የጠየቀውን ገንዘብ ያበደረችን ጎረቤታችን ያለች ባለሱቅ ናት።

አራተኛ ፎቅ፣ ሦስት ልጆች፣ አንዲት ማዳም፣ አንድ ሚስተር። የገባሁ ዕለት ማታ ሚስተር ፓስፖርቴን ተቀበለኝና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ደሞዜ በወር 150 ዶላር ነው። ስለ ሥራው ብዙ አላወራችሁም፤ ብዙ ተጽፏል። አልደበደቡኝም፤ አላስራቡኝም። ብቻ በዚያ ቤት ስሜ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠራ አንድ ቀን ልቁጠር ብዬ ተነስቼ 60 ላይ ሰልችቶኝ ተውኩት፤ ገና ምሳ ሰዓት አልደረሰም ነበር። ሌሊትም እጠራለሁ። የምተኛው ትንሹ ልጅ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። የዕረፍት ቀን የሚባል ነገር በመጀመሪያው ዓመት አላየሁም።

ቤተሰቡ ተራራ ላይ ሌላ ቤት ነበረው። አካባቢው ፋራያ ይባላል፤ ከቤሩት በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ምዛር የተባለው ትልቁ የሊባኖስ የስኪ ሥፍራ እዚያ ነው። እኔን መጀመሪያ የወሰዱኝ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። የደረስነው በሌሊት ስለነበር ምንም አላየሁም። ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት ግን... ኧረ ምን ልበላችሁ! አገሩ የለም! መኪናው የለም፣ አጥሩ የለም፣ መንገዱ የለም። ሁሉም ነጭ።

እኛ «በረዶ» ስንል የምናውቀው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። አጋሮ ላይ በረዶ ሲጥል ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። ያኛው ግን ድምፅ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ አንድ ሰው አልቀሰቀሰም። መጽሐፍ ላይ «አመዳይ» እያልን የምናነበው ይሄ መሆን አለበት አልኩ። የገረመኝ ደግሞ ከፍታው ነው። እንጦጦ እኮ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የምዛር አናት 2,465 ሜትር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ይበቅላል፤ እነሱ ጋ ተራራው ነጭ ለብሶ ወራት ይከርማል።

ታዲያ እኔ ያንን ሁሉ በመስኮት አይቼ ልመለስ ነበር፤ ሰበብ የሆነኝ ትንሹ ልጅ ነው። አምስት ዓመቱ ነበር። የስኪ ትምህርት ሲያስገቡት ያለ እኔ አልሄድም ብሎ አገር ይያዝልኝ አለ። ማዳም ተናደደች፤ አሠልጣኙም ተናደደ። በመጨረሻ «እሷም ትከተለው» ተባለ። ሁለት ቅዳሜ በላስቲክ ቦቲ ከጎኑ እየሮጥኩ፣ እየወደቅኩ የልጆቹን ቁልቁለት ወረድኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ የሚስተር አባት፣ ያልኳችሁ አዛውንት፣ ከምድር ቤት ዕቃ ማስቀመጫ አንድ አሮጌ ጥንድ ስኪ ከነጫማው ይዘው መጡ። የሞቱት ባለቤታቸው ነበር። ቁጥሩ 38፤ የኔም እግር 38! ማዳም ፊቷ ተለዋወጠ። እሳቸው ግን «ተቀምጦ ከሚዝግ ሰው ያድርገው» ብለው አለፏት።

የስኪ ጫማ አይታችሁ የማታውቁ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ጫማ አይባልም። ሲሚንቶ ውስጥ እግርን እንደ መክተት ነው። ቁርጭምጭሚት አይታጠፍም፤ መሬት ላይ ሲሄዱበት እንደ ሰከረ ሰው ያንገዳግዳል። ሳንቃው ላይ ቆማችሁ ተረከዛችሁን ስትጫኑ «ቀጭ!» ብሎ ይይዛል። ከዚያ በኋላ እግር የለም፤ ያለው ሳንቃ ነው።

መጀመሪያ የሚያስተምሩት መሄድን አይደለም፤ መቆምን ነው። የሁለቱን ሳንቃ አፍ ፊት ለፊት አቀራርቦ ኋላቸውን መክፈት። አሠልጣኙ ለልጆቹ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ይላቸዋል፣ አልገባኝም። እግራቸውን ሳየው ግን ገባኝ። ይሄማ የኛው «ለ» ነው! ፊደል የቆጠርኩበት ለ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሴ «ለ ሥሪ፣ ለ ሥሪ» እያልኩ ነው የወረድኩት። ፍጥነት ሲበዛ ለ'ን ማስፋት፣ ሲያንስ ማጥበብ። ወደ ቀኝ ለመዞር የግራ እግርን መጫን፤ ወደ ግራ ለመዞር የቀኙን። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ቁልቁለት ሲፈራ ወደ ኋላ ይላል አይደል? ስኪ ላይ ወደ ኋላ ያለ ሰው አለቀለት፤ ሳንቃው ጥሎት ይሄዳል። ደረትን ወደ ገደሉ መስጠት ነው የሚያስፈልገው። ይህን ለመማር ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ አምላክ ይቁጠረው።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ጥር ውስጥ፣ ከላይ እስከ ታች ሳልወድቅ ወረድኩ። የልጆች ቁልቁለት ነው፤ እንደው አንድ መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ታች ስደርስ ለ'ን ሠራሁና ቆምኩ። እውነቴን ነው፣ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ለቅሶዬ መጣ። ስወርድ ማንም አልጠራኝም። ቢጠሩኝም አልሰማም፤ ብሰማም መልሼ መውጣት አልችልም። ለዚያች ደቂቃ ሥራዬ መውረድ ብቻ ነበር። ከአጋሮ ከወጣሁ ጀምሮ ሰውነቴ የራሴ የሆነው ያን ጊዜ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

በኋላማ ሱስ ሆነብኝ። አዛውንቱ ለልጅ ልጆቻቸው የዓመቱን ትኬት ሲገዙ ለእኔም ጨመሩ። «ትንሹን ማን ይከተለው?» ብለው የማዳምን አፍ አስያዙ። የኔ ሰዓት ምሳ ሰዓት ነው። ልጁ ከአያቱ ጋር ሲበላ 45 ደቂቃ አለኝ። ከአርብ ማታ ጀምሮ ያቺን 45 ደቂቃ አስባታለሁ። ሳህን ሳጥብ ጉልበቴን አጠፍ አደርጋለሁ። ወለል ስወለውል ወገቤን አዞራለሁ። ልብስ ስሰቅል ባልኮኒው ላይ «ለ» ሠርቼ የቆምኩበት ጊዜ አለ፤ የፊት ለፊቷ ሕንፃ ያለች የአገሬ ልጅ አይታኝ «አንቺ፣ እብድ ሆንሽ?» ብላ ጮኸችብኝ።

ቁልቁለቶቹ እንደ ክብደታቸው ቀለም አላቸው። አረንጓዴው ቀላል ነው፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ጥቁር። በሁለተኛው ዓመት ሰማያዊው ላይ ደረስኩ። በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚወጡት፤ እግር ከነሳንቃው አየር ላይ ይወዛወዛል። ሰማዩ ጠርቶ ከሆነ ከላይ ባሕሩ ይታያል። እኔ ሳህን የማጥብባት ቤሩት እንደ ትቢያ ሆና ባሕሩ ዳር ትታያለች። ያቺን ከተማ ቁልቁል ሳያት ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ። አንዳንድ ዓመት ደግሞ ወደ መጋቢት ገደማ ከበረሃ የሚነሳ አቧራ በረዶውን ቀላ ያደርገዋል። እሱን ሳይ ጓሮአችን ትዝ ይለኛል።

ዱባይ ያለች አብሮ አደጌ ይህን ስነግራት «እኛም ጋ አለ እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። የገበያ አዳራሽ ውስጥ ጣሪያ ሥር የተሠራ ነው፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፤ ረጅሙ መንገዱ 400 ሜትር ነው። እሷ ግን ገብታ አታውቅም። የአሠሪዎቿ ልጆች ሲገቡ ኮታቸውን ይዛ በመስተዋት ታያቸዋለች። «ሲወድቁ ደስ ይለኛል» አለችኝ ስትስቅ።

በነገራችን ላይ ጨዋታውን አቅልዬ ያወራሁት እንዳይመስላችሁ። የመጨረሻው የብርድ ወቅት ላይ በቀኝ እጄ ላይ ወድቄ አንጓዬ አበጠ። ከተናገርኩ ማዳም ስኪውን እንደምታስቆመኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ሁለት ሳምንት ባበጠ እጅ ድስት ፈተግኩ። ብልህነት ነው አላልኩም። ያደረግኩትን ነው የምነግራችሁ።

አንድ ቀን አዛውንቱ «ያንቺ አገር ሰው ስኪ ይጫወታል?» ብለው ጠየቁኝ። «ኧረ የለም! እኛ ሯጮች ነን» አልኩ። ትልቋ ልጅ በስልኳ ፈለገችና ሮቤል ተክለማርያም የሚባል ሰው አወጣች። አፈርኩ! እኔ ኢትዮጵያዊቷ የማላውቀውን ከዐረብ ልጅ ሰማሁ። ሮቤል አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የሄደ፣ እዚያ ስኪ የለመደ ሰው ነው። በየካቲት 1998 ዓ.ም. ጣሊያን አገር ቱሪን በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ባንዲራችንን ይዞ ብቻውን ገባ፤ በዚህ ውድድር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። የሱ ዓይነቱ እንደኔ ቁልቁል መውረድ ሳይሆን አገር አቋራጭ ነው፤ ሽቅብም ሜዳም በበረዶ ላይ እየገፉ መሄድ። 15 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ 83ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ካናዳ ቫንኩቨር ላይ ደግሞ 93ኛ። አገር ቤት ሲለማመድ በረዶ ስለሌለ ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ነበር። 83ኛ ሲባል የኛ ሰው ይስቃል፤ እኛ የለመድነው ወርቅ ነዋ! እኔ ግን አልሳቅኩም። አዛውንቱም አልሳቁም። «83ኛ... ከስንት ቁልቁለት ተነስቶ!» ብቻ አሉ።

ፎቶውን ያነሱኝ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ነው። ከሰማያዊው ወርጄ ገና መቆሜ ነበር፤ ለዚህ ነው ሳቄ እንደዚያ የሆነው። በማግስቱ በስልክ ወደ አጋሮ ላክሁት። ደስ ይላቸዋል ብዬ!

እናቴ ፎቶውን ስታይ ጮኻ አለቀሰች። «እግርሽን በምን አሠሩብሽ? ምን አጥፍተሽ ነው?» አለችኝ። ሳንቃውን የቅጣት እግር ብረት አድርጋ ነው ያየችው። ጨዋታ መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ወንድሜ ደግሞ ወዲያው ገባው፤ አለቅጥ ገባው! «እንዲህ ከተመቸሽ የባጃጅ ቅድመ ክፍያ ላኪልኝ» አለ። ባለሱቋ ጎረቤታችንም «እየተዝናናች ነው አሉ፤ እንግዲያው ብሬን ትመልስ» ብላ እናቴ ደጃፍ መጣች። አንድ ፎቶ ነው እንግዲህ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ። ለብዙ ዓመት አንድ ዶላር 1,500 ሊራ ገደማ የነበረው፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ጥቁር ገበያ 8 ሺህ አካባቢ ደረሰ። ሚስተር «ባንኩ ብራችንን ያዘው» ይላል፤ እውነቱንም ነበር። እኔ ግን ዘጠኝ ወር ደሞዝ አልተከፈለኝም። ያን ጊዜ አንዳንድ አሠሪዎች የአገሬን ልጆች በመኪና ወስደው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ እያየሁ «እኔስ ጣሪያ አለኝ» ብዬ ዝም አልኩ። ሐምሌ 28 ቀን የቤሩት ወደብ ሲፈነዳ ተራራው ቤት ነበርን፤ እዚያ ድረስ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ፓስፖርቴን አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ሰጡኝና ወደ አገሬ ገባሁ። ዘጠኝ ጊዜ 150... 1,350 ዶላር እዚያው ቀረ። አዛውንቱ ከሁለት ወር በፊት አርፈው ነበር። ፎቶውን በወረቀት አሳትመው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

አገር ቤት ስገባ የሚጠይቁኝ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። «ስንት ይዘሽ መጣሽ?» ወይም «ምን አደረጉሽ?» ለሦስተኛ ነገር ጆሮ ያለው ሰው የለም። ስለ ስኪ ካወራሁ «ደልቶሽ ኖሯላ!» እባላለሁ። ስለ ደሞዜ ካወራሁ «ታዲያ ፎቶው ላይ ምን ያስቅሻል?» እባላለሁ። ደሞዜን ላስጠይቅ ብዬ አንድ ቢሮ ሄጄ ማስረጃ ብለው ስልኬን ሲያዩ፣ ሰውዬው ያንን ፎቶ አገኘና ለጓደኛው አሳየው። ተሳሳቁብኝ። ሁለተኛ አልሄድኩም። ወገኖቼ፣ አንድ ሰው በአንድ አገር ውስጥ ተበድሎም ተደስቶም ሊኖር አይችልም እንዴ? ወይስ የተበደለ ሰው ፎቶ ሲነሳ አልቅሶ መነሳት አለበት?

ይሄን ሁሉ ንግግር አዘጋጅቼ ነው እጮኛዬን የጠበቅኩት። ሳምንት ሙሉ ስለ ቅናት፣ ስለ መተማመን፣ ለእናንተ ስጽፍ የኖርኩትን ሁሉ ደርድሬ። መጣ። ተቀመጠ። ገና አፌን ስከፍት...

«እህት ነበረችኝ» አለኝ።

ዓመት ከስምንት ወር አብረን ስንሆን ሰምቼው የማላውቀው ነው። ታላቁ ናት። እሱ ስድስተኛ ክፍል ሳለ ወደ አንዱ ዐረብ አገር ሄደች፤ በሁለት ዓመቷ በሣጥን መጣች። ምን እንደሆነች የነገራቸው የለም፤ ሣጥኑን እንዳይከፍቱትም ተባሉ። እቤታቸው ያለው የመጨረሻ ፎቶዋ አውሮፕላን ልትሳፈር ስትል የተነሳችው ጉርድ ፎቶ ነው።

«እሷ ጥርሷ አይታይም» አለኝ። «ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እናቴም ከነሱ በኋላ ትመጣለች። እዚህ ትቀመጣለች። ያንቺን ፎቶ አይታ ምን እንደምትል... እኔ እንጃ።»

ደርድሬ የያዝኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ምክር ሰጪዋ እኔ! ማታውን ፎቶውን አወረድኩት። ግድግዳው ላይ ምስማሩና ፈዘዝ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ።

ጠዋት እናቴ ወደ መጋዘን ልትሄድ ስትነሳ ግድግዳውን አየች።

«ፎቶሽስ?»

ነገርኳት። ስለ ልጅቷ ስሰማት ከንፈሯን መጠጠች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ፎቶውን ከቁም ሣጥኑ ራሷ አውጥታ ወንበር ላይ ወጣች። እግር ብረት ነው ብላ ያለቀሰችበትን ፎቶ!

«ብርሽን አላመጣሽ» አለችኝ ምስማሩን እየዳበሰች። «ያመጣሽው ይሄን ነው። ይሰቀል።»

እጮኛዬ በማግስቱ መጥቶ አየው። ምንም አላለም። ብቻ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያ ነው የሚቀመጠው።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ነገሩ በደህና አለቀ። እናቱ የመጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቄጠማ ጎዝጉዤ፣ ቡና እየቆላሁ፣ ዓይኔ ግን ከሳቸው ላይ አልተነሳም። ከበሩ እንደገቡ አዩት። ነጠላቸውን እንደያዙ ፊት ለፊቱ ቆሙ። እናቴ «ይቀመጡ» አለቻቸው፤ አልሰሙም። ቡናው ሊያርብኝ ነው፣ እኔ ግን ማማሰሉን ረሳሁት። እጃቸውን ዘርግተው ፎቶው ላይ እጄን የዋጠውን ያንን ረጅም እጅጌ በጣታቸው ነኩት።

«ልጄ፣ ይበርድ ነበር?»

«አዎ እማማ፣ በጣም ይበርድ ነበር።»

«ጓንት ሰጥተውሽ ነበር?»

«ሰጥተውኝ ነበር እማማ።»

«እሰይ» አሉና ተቀመጡ።